በረኪና የጠጣው መሬት

ሸምሱዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ሰው ሁሉ ማስኩን አውልቆ ጥሏል። ታክሲ ውስጥ የማላውቀውን ሰው አፍና አገጭ ማየት መጀመሪያ ላይ ያሳፍረኝ ነበር፤ አሁን ለመድኩት። ያንተ ገዳዮች ግን ያኔም ማስክ አላደረጉም። በሽታ ፈርተን ነው ብለው መጡ፣ አፋቸውን ግን አልሸፈኑም። እስካሁን ሳልጽፍልህ የቆየሁት ለዚህ ነው። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ካንተ ፊት ቀድሞ የነሱ ፊት ድቅን ይልብኛል። ዛሬ ግን ከመጡም ይምጡ ብዬ ተቀምጫለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሱቁ ተሠርቷል። ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ ግድግዳው ግን ያው ነው፣ ቀለም ብቀባውም ዝናብ ሲመታው ጥላሸቱ ያሳብቃል። ልጃችን ነጃት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲስ አብቅላለች። ከማማ ኖምሳ ጋር በዙሉ፣ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ታወራለች፤ አማርኛ የሚመጣላት እኔን ስትቆጣ ነው። ቁጣዋ ያንተ ነው። ደንበኞች ዛሬም ሱቁን "ማይ ፍሬንድ" ይሉታል። እዚህ ጆሃንስበርግ ዳር፣ ጻካኔ ውስጥ ሱቅ ያለውን ሐበሻ ሁሉ እንደዚያ እንደሚጠሩ አውቃለሁ፤ በር ላይ ሲጣሩ ግን አንተን የሚፈልጉ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ። ቤቱንም ሱቁንም ያከራየችን ማማ ኖምሳ ደህና ናት። ዛሬ ከኔና ከነጃት ሌላ ዘመድ የላትም። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ከሱቁ ጀርባ ያለው መሬት ደግሞ እንደገና አብቅሏል። ይህን ነው ልነግርህ የፈለግኩት። እዚያ ለመድረስ ግን በዚያ ቀን ማለፌ አይቀርም።

እንዴት እንደጀመርን ታስታውሳለህ? ሎክዳውኑ የወጣ ሰሞን ወታደር መንገዱን ሞልቶት፣ ሱቅ ዝጉ ተብለን፣ አንተ በዚያች ክፍል እንደታሰረ ኮርማ ትዞር ነበር። ሰፈሩ ተርቧል። ማማ ኖምሳ ናት "ያ ባዶ መሬት ቆሻሻ ከሚጠራቀምበት ቆፍሩት" ያለችን። ምን መሬት ነበር! ከወርቅ ማውጫው የዝቃጭ ክምር የሚነሳው ቢጫ አቧራ ስንት ዘመን የተጋገረበት፣ አካፋ ሲያርፍበት እንደ ሲሚንቶ የሚጮህ። ዝናቡ ሊገባ ሲል አንተ ከየት እንዳገኘኸው እንጃ ዩሪያ በትከሻህ ተሸክመህ መጣህ። እኔ ከብራክፓን ማዶ ካለው የእርሻ ዕቃ መደብር ትንሽ ከረጢት ይዤ መጣሁ። ውስጡ ጥቁር ዱቄት፣ ዱቄቱ ውስጥ ደግሞ በሕይወት ያለ የቦሎቄ ባክቴሪያ።

ከረጢቱን አገላብጠህ አየኸውና "አንቺ ሴትዮ፣ ዓለም ከጀርም እየሸሸ አንቺ ገዝተሽ መጣሽ?" አልከኝ።

አገር ቤት ሳለሁ ሥራዬ ይኸው እንደነበር ታውቃለህ። በምርምር ጣቢያው ቤተ ሙከራ ከባቄላ ሥር ላይ እባጭ እየለቀምን፣ ውስጡ ያለውን ባክቴሪያ እያራባን፣ ከከሰል ዱቄት ጋር ለውሰን ለገበሬ እናድል ነበር። አንተን ለማግባት ስመጣ ያ ሙያ አብሮኝ ጆሃንስበርግ ድረስ ምን ሊሠራ ይመጣል ብዬ ነበር። ለካስ የሚሠራበት ቀን ነበረው። ዘሩን በስኳር ውሃ አርሰን በዱቄቱ ስናሽ፣ አንተ እጅህን በሳኒታይዘር አጥበህ ልትነካው ስትል የጮህኩብህን ጩኸት ማማ ኖምሳ ሰምታ ሮጣ መጣች። "ትፈጃቸዋለህ! በተራ ውሃ ታጠብ!" ነበር ያልኩህ። የቧንቧውን ውሃ እንኳ ክሎሪኑ እንዲተንለት በባልዲ ከፍተን እናሳድረው ነበር።

ከዚያ ውድድር ገጠምከኝ። ያንተ መደብ በዩሪያ፣ የኔ በባክቴሪያ። መጀመሪያ ያንተ ቦሎቄ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሲነሳ የኔ ገርጥቶ ቀረ። ለደንበኛ ሁሉ በሱቁ የብረት ፍርግርግ ቀዳዳ "የሚስቴ ሰብል ኮቪድ ይዞታል" ስትል ከጓዳ እሰማህ ነበር። እኔ ግን ከመሬት በታች ምን እንዳለ አውቃለሁ። ሰው አፈርን ዝም ያለ ነገር ይመስለዋል። ጦር ሜዳ ነው። አንዱ አንዱን ይመርዛል፣ ይውጣል፣ ቦታ ይነጥቃል። ከውጭ ያመጣሁት ባክቴሪያ ከነባሮቹ ጋር ተጋፍቶ የቦሎቄውን ሥር ፈልጎ እስኪገባ ተክሉ ይራባል። ከገባ በኋላ ግን ከአየር ላይ ናይትሮጅን እየያዘ ያበላዋል፣ ተክሉም በስኳር ይከፍለዋል። እንዳልኩትም ሆነ። ቅጠሉ ጠቆረ፣ አበባው ከዳር እስከ ዳር ፈነዳ። አንዷን ነቅዬ ሥሯ ላይ የተሰካውን እባጭ በጥፍሬ ስሰነጥቀው ውስጡ ቀይ ነበር፤ ሲሠራ እንደዚያ ይቀላል። አንተ ወደ ኋላ ሸሽተህ "ወላሂ ደም ነው!" አልክ።

ጎመኑ ላይ ግን አሸነፍከኝ። ያ ባክቴሪያ ለቦሎቄ እንጂ ለጥቅል ጎመን አይሠራም፤ ነግሬህ ነበር፣ አንተ ግን እንዳልነገርኩህ ሆነህ የጎመኑን ራስ እንደ ዋንጫ አቅፈህ በሰፈሩ ዞርክ። በዚያ ወር ስንቱ ቤት ከዚያ መደብ እንደበላ አንተ ታውቃለህ። ቆስጣውን ለታመመበት ቤት ሁሉ ራስህ ነበር የምታደርሰው፤ በር አንኳኩተህ ትሸሻለህ።

ከዚያ ሲፖ መጣ። የማማ ኖምሳ የእህት ልጅ ነው፤ እናቱ ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። መሬቱ ላይ የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራ ፈልጓል። አክስቱ እምቢ አለችው። ቦሎቄው መሃል በጫማው እየረገጠ ሲለካ አገኘኸው፤ ኮሌታውን ይዘህ ከግድግዳው ጋር አጋጨኸው። ጥርስህን ነክሰህ "ሁለተኛ እዚህ ባይህ በዚህ አካፋ ነው የምልህ" አልከው፣ በዙሉ፣ ያለ ስሕተት። ዙሉህ የሚጠራው ስትናደድ ብቻ ነበር። እሱ ደረቱን አራግፎ ሄደ።

ሁለተኛው የወረርሽኝ ማዕበል በመጣ ጊዜ በየመንገዱ የለቅሶ ድንኳን ነበር። ሬሳ የሚያነሳ መኪና ሲያልፍ ሰው ቆሞ በዓይኑ ይሸኘዋል። ሲፖ ባዶውን ከረጢት ከቆሻሻችን አንስቶ ፎቶ አነሳው። በትልቁ "ባክቴሪያ" የሚል ተጽፎበታል። ያ ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ፤ አብሮትም ወሬው፦ ማይ ፍሬንድ አፈር ውስጥ ጀርም ይዘራል፣ ያንን ቆስጣ ያበላችኋል፣ ሰዉ የሚሞተው ለዚህ ነው። ቆስጣህን የበሉ ቤቶች ውስጥ እኮ የሞተ ሰው ነበር፣ ሸምሱዬ። ሳይታመሙ የበሉትን ማን ይቆጥራል?

ፀሐይ አናት ላይ ሳለች መጡ። መጀመሪያ ዘፈኑን ሰማን፣ ከዚያ የቆርቆሮ ድብደባውን። ማማ ኖምሳ ከጓሮ ገብታ ነጃትን አቀፈች፣ የኔን ክንድ ያዘች። አንተ የፍርግርጉን ቁልፍ አነሳህ።

"አትውጣ" አልኩህ። "ሸምሱ፣ በልጅህ ይዤሃለሁ አትውጣ።"

"የማውቃቸው ሰዎች ናቸው" አልከኝ። "ላስረዳቸው።"

ማማ ኖምሳ ወደ ቤቷ ጎትታ አስገባችን፤ በኩሽናዋ መስኮት አየሁህ። ወደ መንገዱ አልሄድክም፤ በጓሮ ዞረህ ወደ መደቡ መራሃቸው። እጅህን ወደ ላይ ዘርግተህ ትናገራለህ። ከረጢቱን በእንጨት ላይ ሰክቶ ያነሳ ሰው ነበር። "መርዝ! መርዝ!" ይላሉ። አንተ ተንበረከክህ። ከኔ ቦሎቄ ሥር አፈር በጭብጥህ ዘገንክና አፍህ ውስጥ ጨመርከው። አኘክኸው። አፍህን ከፍተህ አሳየሃቸው።

 አንዲት ሴት ሳቀች፣ ሌላዋም ተከተለቻት። ተረፍን አልኩ። ወላሂ ተርፈን ነበር።

ከዚያ ከኋላ ጡብ መጣ። የወረወረውን እጅ ከቆምኩበት አላየሁም። ድምፁን ግን ሰማሁት፤ ጎመን በቢላ ሲገመስ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። በግንባርህ ተደፋህ። የሳቀችው ሴት ጮኸች፣ ግማሹ ሕዝብ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ መንገድ የተከፈተለት ይመስል ወደ ፊት ፈሰሰ። ጀርባቸውን ብቻ ነው ያየሁት። ክንድ ሲነሳ፣ ሲወርድ። ነጃት ክንዴን ነክሳኝ ደሜ ወረደ፤ ማማ ኖምሳ በሩ ላይ ተለጥፋ አላስወጣ አለችኝ። ፀጉሯን ነጨሁ፣ ፊቷን ቧጨርኩ። አልተንቀሳቀሰችም።

ሲጨርሱ ሱቁን ሰብረው ገቡ። ከመደርደሪያው ላይ በረኪናውን በሙሉ አውጥተው መደቡ ላይ ደፉት። አንተ ላይም ደፉት። ጀርሙን እየገደሉ ነበራ! ቦሎቄው እያየሁት ነጣ። ከዚያ ላምባ አምጥተው ሱቁን ለኮሱት።

በመስጊዱ የጀናዛ ማጠቢያ ክፍል በኮሮናው ምክንያት ብዙ ሰው አያስገቡም ነበር። "ሚስቱ ነኝ፣ እኔ ነኝ የማጥበው" አልኩ። አንዲት ሴትዮ ጓንትና ሙሉ ልብስ አለበሰችኝ። ራስህን በጨርቅ ይዘን ፊትህን ስናጥብ በጥርሶችህ መሃል አፈር ነበር። በውሃ አልወጣ አለ። ጓንቱን አውልቄ በጣቴ አወጣሁት፣ ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው። ከምላስህ በታች ቀጭን የቦሎቄ ሥር ነበረች። ሴትዮዋ "ጓንቱን አድርጊ፣ ሕጉ ነው" አለችኝ። ያየኋት አስተያየት ምን እንደነበር አላውቅም፤ ሁለተኛ አልተናገረችኝም።

ወንድምህ መጥቶ "ሻንጣሽን አዘጋጂ፣ አገር ግቢ" አለኝ። ሄጄ ምን ልሁን? አንተ እዚህ አፈር ውስጥ ነህ። እምቢ አልኩት። ሲፖን ፖሊስ ይዞት ነበር፤ ጡቡን ማን እንደወረወረ አየሁ የሚል ጠፋና ተለቀቀ።

መሬቱን ሄጄ ያየሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። ይሸታል፤ ዓይን ያቃጥላል። ትል እንደ ክር ደርቆ ላዩ ላይ ተበትኗል። ጉንዳን እንኳ አይሄድበትም። ተንበርክኬ በእጄ ቆፈርኩ። ክንዴ እስኪገባ ስቆፍር ከታች ያለው አፈር ጥቁር ነበር፣ እርጥብ ነበር፣ ዝናብ ዝናብ ይሸት ነበር። በረኪናው ላይ ላዩን ገደለ እንጂ እዚያ አልደረሰም። እዚያ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጬ ካንተ ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኼ አለቀስኩ።

በብዙ ውሃ አጠብኩት። ብርዱ ሳይገባ ብዬ ቦሎቄ ዘራሁ፣ በባክቴሪያው አሽቼ። ብታይ እንዴት እንደተነሳ! እንደዚያ የበዛ እባጭ በዕድሜዬ አላየሁም። የሚጋፋው ሁሉ ስለሞተ ሥሩን ብቻውን ወረሰው። በቀልህን የተወጣሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ፍሬ ሊይዝ ሲል ግን ከአንድ ጥግ ጀምሮ መጠውለግ ጀመረ። ነቅዬ ሳየው ሥሩ በስብሷል፣ ቡናማ ሆኖ በእጄ ይላላጣል። ሥር የሚያበሰብሰው ፈንገስ ከታች ወጥቶ ነው። ድሮ እሱን የሚታገሉ ነበሩ፤ እነሱንም በረኪናው ፈጅቷቸዋል። እኔ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሠራዊት አንዱን ብቻ በከረጢት አምጥቼ መሬት ዳነ ብያለሁ። ሁሉንም እየነቀልኩ አቃጠልኩት። በንዴት ባዶ እጄን እሳቱ ውስጥ ከትቼ ነበር፤ ጠባሳው አለ።

ከዚያ ያለ ችኮላ ያዝኩት። ከብት ከሚያረባው ሽማግሌ ዘንድ ፍግ፣ ከየቤቱ የድንችና የጎመን ልጣጭ ሰብስቤ ብስባሽ ሠራሁ። ከማማ ኖምሳ ኮክ ዛፍ ሥር ማንም ያልነካውን አፈር በባልዲ እያመጣሁ በተንኩበት። ብርዱን ሁሉ በሣር አልብሼ ተውኩት። በጸደይ ሳነሳው ትል ነበረው። ያኔ ነው ከባክቴሪያው ጋር እንደገና የዘራሁት።

ቦሎቄው ጉልበቴ ሲደርስ ሲፖ መጣ። አሸዋና ጡብ የጫነ መኪና፣ ከሱ ጋር ሁለት ግንበኞች። እኔ እየኮተኮትኩ ነበር።

"መሬቱ የቤተሰባችን ነው" አለኝ። "ጀርምሽን ይዘሽ ከዚህ ውጪ።"

መኮትኮቴን ቀጠልኩ። ወደ መደቡ ገባና በጫማው ቦሎቄውን ማበራየት ጀመረ። ከዚያ ቀና ብሎ ሳቀ። "ባልሽ አፈር ይወድ የለ? እኛም አጠገብነው።"

ዶማውን እንዴት እንዳነሳሁት አላስታውስም። ትከሻውን አገኘው። አጥንቱ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ተሰማ። ቦሎቄው ላይ ወደቀና እንደ ሕፃን ጮኸ። ግንበኞቹ ሸሹ። ሁለተኛ አነሳሁ። በዚህኛው ራሱን ነበር ያየሁት።  እውነቱን ልንገርህ፣ ጸጥ ብሎኝ ነበር።

እጀታው ወደ ኋላ ተያዘ። ማማ ኖምሳ ናት፣ በሁለት እጇ፣ በሙሉ ክብደቷ።

"ተይው ልጄ" አለችኝ። "የኔ ነው። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ የምጨርሰውም እኔ ነኝ።"

ልታድነው መሰለኝ። ምራቄን እግሯ ሥር ተፋሁ። እሷ ግን ወደሱ እንኳ አላየችም። ቤቷ ገባች፣ እሁድ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ልብስ ለበሰች፣ በእግሯ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ሲፖ ጡቡን ያነሳው ከሷ ግድግዳ ሥር ነው። እኔን ልትይዝ በሩ ላይ ከመለጠፏ በፊት፣ በበሩ መስታወት እጁን አይታው ነበር። ያን ሁሉ ወራት ውጣው ዝም ብላለች። እህቷ ስትሞት አደራ ብላታለች።

እኔንም ፖሊስ ወሰደኝ፤ ሲፖ ከሶኝ ነበር። ማማ ኖምሳ እስክታስፈታኝ እስር ቤት ቆየሁ፣ ኋላ ክሱ ተዘጋ። ልትመሰክር ፍርድ ቤት በቆመች ቀን የሲፖ ዘመዶች አዳራሹን ሞልተውት ነበር። ጠበቃው "ዓይንሽ ደካማ ነው፣ እርግጠኛ ነሽ?" አላት። "ከጨቅላነቱ ጀምሮ ያጠብኩት እጅ ነው" አለች። "ከእጆች ሁሉ መሃል ባየው አልስተውም።" ሲፖ ያኔ አንገቱን ደፋ። ፍርዱ ባለፈው ወር ተነበበ፤ ረጅም ዓመት ነው። በማግስቱ መስኮቶቿን ሰበሩባት። ከቤተሰቧ የሚያናግራት የለም። የተሰበረውን መስታወት ጠርጌ አዲስ አስገባሁላት። ያን ቀን ፊቷን መቧጨሬን አንሥቼ ላወራ ስል "ሻይ አፍይልኝ" ብላ ዘጋችብኝ።

አሁን የሰፈሩ ሴቶች የባክቴሪያውን ዱቄት እንዴት እንደምንጠቀም አሳዪን እያሉ ይመጣሉ። የሳቀችውም ሴት መጥታለች። ዓይኗን ሳላይ አሳየኋት። እውነቱን ነው የምነግራቸው፦ ለቦሎቄ ይረዳል፣ ለጎመን አይጠቅምም፣ ፀሐይ ይገድለዋል፣ ሕይወት በሌለው አፈር ላይ ብቻውን ምንም አይሠራም። ከረጢቱን ለማየት እንኳ የሚፈሩ አሉ። አልፈርድባቸውም፣ አልለምናቸውምም።

ዛሬ ጠዋት ነጃት ጫማዋን እያሰረች "ባባ ሲስቅ ድምፁ እንዴት ነበር?" አለችኝ። ልስቅልሽ ብዬ ሞከርኩ። ያንን በአፍንጫ የሚጀምረውን፣ ትንፋሽ አጥሮ እንደ ማንኮራፋት የሚሆነውን ሳቅህን። አልመጣልኝም። ደነገጥኩ። ያ ጡብ ያረፈበትን ድምፅ በማንኛውም ሰዓት እሰማዋለሁ፣ ሳቅህ ግን ጠፋብኝ። ማማ ኖምሳ በአጥር ማዶ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ሰምታን ኖሯል። ልብሱን በትከሻዋ ጣል አድርጋ ሳቅህን ሳቀችው። ያው ራሱን፣ ከነማንኮራፋቱ። ነጃት "ደግሚው!" ብላ ዘለለች። እኔ አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

ሸምሱዬ፣ አሟሟትህን ነጃት ስታድግ አንድም ሳልቀንስ እነግራታለሁ፤ ቃሌ ነው። እስከዚያ ግን ሳቅህን መልሼ እማራለሁ። ማማ ኖምሳ ታስተምረኛለች፣ እስኪመጣልኝ እለማመደዋለሁ። ልጅህ በጠየቀችኝ ቁጥር፣ ባትጠይቀኝም፣ እስቅላታለሁ።

አላህ ይዘንልህ።

ያንተው ዘይነባ
ጻካኔ